«ወተት» በእጅ ሲነገር



በዛሬው ዓምዳችን ስለ አንዲት ቃል እናወጋለን። ቃሏ «ወተት» ናት። በየቤታችን ሕፃናት ገና በሁለት እግራቸው ሳይቆሙ የሚሰሟት፣ አፋቸውን ሲፈቱም ከ«እማ» እና ከ«አባ» ቀጥለው በተኮላተፈ አንደበት የሚጠሯት ቃል ናት። ልጇ ይህችን ቃል የለመደበትን ቀን የምታስታውስ እናት ብትኖር ጥቂት ናት፤ ከቤት ውስጥ ወሬ ጋር ሳይታወቀን ትገባለችና። እኔም ስለ ራሴ ልጆች ብጠየቅ መልስ የለኝም። የአንዲት ጎረቤቴ ልጅ ግን ይህችን ቃል ያገኘችበትን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ ልጂቱ አራት ዓመት አልፏት ነበር። ቃሉንም ያገኘችው በጆሮዋ ሳይሆን በዓይኗ ነው፤ የተናገረችውም በእጇ።

እናትየው በልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰርቪስ ይወስዳታል፤ ማታ ስትመለስ ጨልሟል። ልጂቱን የምትጠብቅላት የባሏ እናት ናቸው። ልጂቱ በስሟ ስትጠራ እንደማትዞር ገና በሁለት ዓመቷ ታውቆ ነበር፤ ነገር ግን «የአባትየው ወገን አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ተብሎ ታለፈ። ወደ አንድ ክሊኒክ ብትወሰድም «ይቆያል እንጂ ትናገራለች» ተብላ ተመለሰች። እንደማትሰማ በምርመራ የታወቀው ሦስት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ማንም ሰው አንዲት ቃል እንኳ አልነገራትም ማለት ነው። በእርግጥ ይነገራት ነበር፤ እርሷ ዘንድ ግን አልደረሰም።

አንድ ማታ የተዋስኩትን ወንፊት ልመልስ ወደ ቤታቸው ገባሁ። እናትየው ከሥራ ከገባች ሩብ ሰዓት አልሞላትም፤ ነጠላዋን እንኳ አላወረደችም። ልጂቱ የጓዳው በር ላይ ቆማ እጇን ወደ አፏ እየወሰደች ትወተውታለች። እናት ውኃ ሰጠቻት፤ ገፋችው። ዳቦ ቆረሰችላት፤ ራሷን ነቀነቀች። እንጀራ በወጥ አቀረበችላት፤ ሳህኑን በእጇ መታችው፤ ወጡም ምንጣፉ ላይ ተደፋ። ያን ጊዜ እናትየው ልጂቱን በጥፊ መታቻት። ከዚያም ሁለቱም አለቀሱ። አያትየው ደግሞ «አጥግባችኋት ነው እንጂ የምትፈልገው ነገር የላትም» ብለው ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

የምትፈልገው ነገር ግን ነበራት። በየጠዋቱ አንድ ስኒ ወተት ይሰጣታል፤ በዚያን ዕለት ወተቱ ስላልመጣ ሳትጠጣ ዋለች። ስኒው ታጥቦ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሯል። ቤት ውስጥ ወተት የለም፤ ታዲያ በጣቷ ምኑን ትጠቁም?

ይህን ነገር ቆየት ብዬ ሳስበው አንድ ቁም ነገር ተገለጠልኝ። ብዙዎቻችን «የማይሰማ ልጅ የሚፈልገውን ይጠቁማል፤ እናት ደግሞ ሳይነግሯት ታውቃለች» እንላለን። ጥቆማ የሚያገለግለው ግን ለሚታይ ነገር ብቻ ነው። የሌለን ነገር፣ ትናንት የነበረን ነገር፣ ነገ የሚመጣን ነገር በጣት መጠቆም አይቻልም። ለዚህ ቃል ያስፈልጋል። የእኛ ልጆች «ወተት የለም?» ሲሉን፣ እኛም «ነገ ይመጣል» ስንላቸው እያለቀሱም ቢሆን ይተኛሉ። ያች ልጅ ግን መጠየቂያውም መጽናኛውም አልነበራትም።

ቃሉን ያመጣችልን በሰፈራችን ሹሩባ የምትሠራ ወጣት ናት። እርሷም መስማት የተሳናት ናት፤ ትምህርቷን የተከታተለችውም በመስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ነው። ስንት ጊዜ ጭንቅላታችንን ይዛ ስትሠራን ስለ ልጂቱ አንድ ቀን እንኳ ልናማክራት አላሰብንም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ሐሳቡን ያመጣችው እናትየው ራሷ ናት፤ በአንድ እሑድ ልጂቱን ይዛ ሄደችና በወረቀት ላይ «ምግብ መጠየቅ አስተምሪልኝ» ብላ ጻፈችላት።

ሹሩባ ሠሪዋ ልጂቱን ከፊቷ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻትና ወተት የሞላበትን ስኒ ከጎኗ አኖረች። የልጂቱ ዓይን ከዓይኗ እስኪገናኝ ድረስ ጠበቀች። ከዚያም ቀኝ እጇን ወደፊት ዘርግታ ጨበጥ፣ ከፈት፣ ጨበጥ፣ ከፈት አደረገችው፤ ልክ የላም ጡት ይዛ እንደምታልብ ሴት። ቀጥላ ስኒውን አሳየች። እንደገና እጇን ጨበጥ ከፈት አደረገች፤ ከዚያ በኋላ ስኒውን ሰጠቻት። ልጂቱ ጠጣች። ስኒው ባዶ ሲሆን ሹሩባ ሠሪዋ ቅንድቧን ወደ ላይ አንስታ ያንኑ ምልክት አሳየቻት፤ «ወተት ትፈልጊያለሽ?» ማለቷ ነው። ልጂቱ ለጥቂት ጊዜ እጁን ትክ ብላ አየችው። ያን ዕለት ምንም አልመለሰችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን አያትየው እሳት ሲያቀጣጥሉ ቀሚሳቸውን ይዛ ጎተተቻቸውና ትንሿን ጭብጧን ከፈት ዘጋ አደረገች።

ይህ ምልክት በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ «ወተት» የሚባልበት ነው። ከአሜሪካና ከሰሜን አውሮፓ አገሮች የመጡ ሚስዮናውያን ከስድሳ ዓመታት በፊት ጀምሮ በአገራችን መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ብዙ የአሜሪካ ምልክቶች አብረው ገብተዋል። ከነዚህም ጋር መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ኑሮ ያፈለቋቸው ምልክቶች ተቀላቅለው ዛሬ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የምንለው ተገኝቷል። ምልክቶች እንደ አካባቢውና እንደ ትምህርት ቤቱ ሊለያዩ ስለሚችሉ እናንተ ስትማሩ ከምትኖሩበት አካባቢ ሰዎች መማሩ ይበጃል። የእንግሊዝና የአሜሪካ ሰዎች በአፋቸው አንድ ቋንቋ ሲናገሩ የሁለቱ አገሮች ምልክት ቋንቋዎች ግን ፈጽሞ የማይገናኙ መሆናቸው ለብዙ ሰው ይገርመዋል። የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከ300 በላይ የምልክት ቋንቋዎች አሉ።

«ወተት» የሚለውን ምልክት ያየች የገጠር ልጅ ትስቃለች፤ ማለብ መሆኑን ወዲያው ታውቃለችና። የከተማ ልጅ ግን ወተት የምታውቀው በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ ሲመጣ ነው፤ ላም ስትታለብ አይታ አታውቅም። ጎረቤቴ በዚህ ተጨንቃ «ትርጉሙ ሳይገባት እንዴት ትይዘዋለች?» ብላ ነበር። ችግር አልሆነም። እኛስ ብንሆን «ወተት» የሚለው ድምፅ ለምን ነጩን መጠጥ እንደሚያመለክት መቼ አውቀን ያዝነው? ለልጅ ቃል ቃል ነው፤ በተደጋገመና በሚወደው ሰው እጅ በመጣ ጊዜ ይይዘዋል። አያትየው ግን ገጠር ያደጉ ናቸውና ምልክቱን ባዩ ጊዜ «ይህማ የላሜ ነገር ነው!» ብለው ከሁሉም ቀድመው ለመዱት። እንዲያውም በሁለት እጅ ያልቡ ነበር፤ ሹሩባ ሠሪዋ እየሳቀች አንዱን እጃቸውን አስቀመጠችባቸው።

«መብላት» የሚለው ደግሞ ከኛ ማዕድ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ጣቶች ተሰብስበው ወደ አፍ ይሄዳሉ። እኛ ጉርሻ ስንጎርስ የምናደርገው ይህንኑ አይደለምን? «ጨምሪልኝ» ለማለት የሁለቱም እጆች ጣቶች እንደዚሁ ተሰብስበው ጫፍ ለጫፍ ይነካካሉ። ሦስቱን የያዘ ልጅ በማዕድ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ ልጅ አይሆንም።

ምልክት የሌለው ቃል ሲያጋጥም ፊደሉም አለ። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የአማርኛን ፊደል በጣት መጻፍ ይቻላል። አሠራሩ ብልሃት አለው። እያንዳንዱ የፊደል ዘር የራሱ የጣት ቅርፅ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ቤቶች ደግሞ በሰባት ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ስለዚህ «ወተት» ብሎ ለመጻፍ «ተ» እና «ት» አንድ የጣት ቅርፅ ይይዛሉ፤ የሚለያቸው እንቅስቃሴው ብቻ ነው። ሀሁ የቆጠረ ሰው ሁሉ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ይህ ለትልልቆችና ትምህርት ለጀመሩ ልጆች ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ የምትፈልገው ፊደሉን ሳይሆን ወተቱን ነው።

አሁን ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ቢኖር በጓዳችሁ የምታደርጉትን እንንገራችሁ። የሚሰማ ልጅ ስኒውን እያየ «ወተት» ስትሉት ይሰማል፤ ዓይኑና ጆሮው በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። የማይሰማ ልጅ ግን ስኒውን ሲያይ እጃችሁን አያይም፤ እጃችሁን ሲያይ ስኒውን አያይም። በመሆኑም በየተራ ነው የሚሄደው፤ መጀመሪያ ዓይኑን ያዙ፣ ምልክቱን አሳዩ፣ ከዚያ ነገሩን፣ ከዚያ እንደገና ምልክቱን። የሚቸኩል ሰው ይህን ያበላሻል፤ ከሥራ ደክማ የገባች እናት ደግሞ መቸኮሏ አይቀርም። ጎረቤቴ ያገኘችው መፍትሔ እራት ከመቅረቡ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከልጂቱ ጋር ፊት ለፊት መሆን ነበር። ድስቱ ይጠብቃል።

ልጁን ለመጥራት ትከሻውን በቀስታ ነካ ማድረግ ወይም በሚያይበት በኩል እጅ ማወዛወዝ ይበቃል፤ ከኋላ መጥቶ አገጩን ይዞ ማዞር ያስደነግጠዋል። ብርሃኑ በእናንተ ፊት ላይ ይሁን፤ መስኮትን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ከቆማችሁ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። መብራት በጠፋ ምሽት እኛ በጨለማ እንጫወታለን፤ ለርሱ ግን ወሬውም አብሮ ይጠፋል፤ ሻማውን ከሁሉ አስቀድሞ ወደርሱ ማስጠጋት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አፉ ምግብ ሞልቶም ቢሆን ማውራት ይችላል፤ በዚህ እንኳ ይበልጠናል። እናትየው ግን እጇ ሊጥ ውስጥ ሳለ ዝም ለማለት ተገዳለች።

የልጁ ምልክት ገና ቀጥ ያለ ካልሆነ አትቆጡ። የሚሰማ ሕፃን «ውሃ»ን «ቡዋ» ሲል ስቀን እንሰጠዋለን እንጂ «በደንብ በል» ብለን አንከለክለውም። ምልክቱን በትክክል እስኪያሳይ ወተቱን ደብቆ መያዝ ቃሉን ቅጣት ያደርገዋል። ሕፃናት በእጅም ይኮላተፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት፣ ወላጆቻቸው በምልክት የሚነጋገሩ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት ሌሎቹ «ባባባ» በሚሉበት ዕድሜ እነርሱ በጣቶቻቸው እንደዚያው እንደሚጫወቱ አሳይቷል።

ሌላው ነገር ቃሉ የእናት ብቻ መሆን የለበትም። አያትም፣ አባትም፣ ወንድምና እኅትም፣ የቤት ሠራተኛም ሊያውቁት ይገባል። በጎረቤቴ ቤት የዘገየው አባትየው ነበር። «እኔ በአሻንጉሊት ቋንቋ አላወራም፤ ልጄ በአፏ ትናገር» ይል ነበር። ይህ ሥጋት በብዙ ቤት አለ፤ ምልክት የለመደ ልጅ መናገር ይተዋል ተብሎ ይፈራል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ምልክት ንግግርን አያግድም፤ ልጁን የሚጎዳው በእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለ ምንም ቋንቋ መቅረቱ ነው። ማንኛውንም ቋንቋ በጊዜው ያገኘ ልጅ በኋላ ማንበብንም ሌላ ቋንቋንም የሚጨምረው በዚያ ላይ ነው።

ይህ ፍርሃት ግን የአባትየው ብቻ አልነበረም፤ የተማሩ ሰዎችም ይዘውት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1880 በኢጣሊያ ሚላኖ ከተማ የተሰበሰቡ የመስማት የተሳናቸው ትምህርት መምህራን፣ ትምህርት በአፍ ንግግር ብቻ እንዲሰጥና ምልክት እንዲቀር ወሰኑ። ከተሰብሳቢዎቹ አብዛኞቹ የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች ልጆች በእጃቸው በመነጋገራቸው ይቀጡ ነበር። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን አሜሪካዊው ዊልያም ስቶኪ በጥናቱ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ የሚላኖው ውሳኔ ስሕተት መሆኑም በይፋ የተገለጸው በ2010 በካናዳ ቫንኩቨር በተደረገው ተመሳሳይ ጉባኤ ነው። ዛሬ በአሜሪካ የሚሰሙ ሕፃናት ያሏቸው ወላጆች ልጃቸው አፉን ሳይፈታ «ወተት» እና «ጨምሪልኝ» በእጁ እንዲል ገንዘብ ከፍለው ይማራሉ። ለሚሰማ ልጅ ጌጥ የሆነው ነገር ለማይሰማው ሲከለከል መኖሩ ያስገርማል።

በአገራችንም የሚማሩበት ቦታ አልጠፋም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል፤ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም አለ። ከሁሉ የሚቀርበው መምህር ግን ምናልባት በሰፈራችሁ ጫማ የሚያድስ፣ ልብስ የሚሰፋ ወይም ሹሩባ የምትሠራ ሰው ነው። ስትጠሯቸውም በስማቸው ጥሯቸው። «ደንቆሮ» እና «ዲዳ» የምንላቸው ቃላት በልጆቻችን ፊት ባይነገሩ መልካም ነው፤ ልጂቱ ባትሰማውም ሌሎቹ ልጆች ሰምተው በፊታቸው ያሳዩባታል፤ ፊትን ደግሞ ከማንም ይልቅ አሳምራ ታነባለች።

ከምልክቱ አስቀድሞ የሚመጣውንም ሳንጠቅስ አንለፍ። ሕፃን በከፍተኛ ድምፅ የማይደነግጥ ከሆነ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ፣ ወይም ከማጅራት ገትርና ከኩፍኝ በኋላ ጠባዩ ከተለወጠ «አፉን ዘግይቶ ይፈታል» በሚል ሳይታለፍ ጆሮው ይመርመር። መግል የሚወጣው ጆሮ ይታከም። አንዳንድ መድኃኒቶችም፣ ለምሳሌ ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን፣ ጆሮን ሊጎዱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወጋት አይገባም። በአንድ ሐኪም መልስ ያልረካች እናት ሌላ ዘንድ ብትሄድ አያሳፍራትም።

ወደ ልጂቱ ልመልሳችሁ። ለጥቂት ሳምንታት ነጭ የሆነ ፈሳሽ ሁሉ ለርሷ «ወተት» ሆነ፤ እርጎው፣ የአጃ ሾርባው፣ ይባስ ብሎ ግድግዳ ለመቀባት የተበጠበጠው ኖራ። ኖራው እናትየውን አስደነገጣት፤ በዚያው ቀን ወደ ሹሩባ ሠሪዋ ሮጣ «አይጠጣም» እና «ያቃጥላል» የሚሉትን ተምራ መጣች። ከዚያም «ዳቦ»፣ «ውኃ»፣ «ትኩስ»፣ «አለቀ» ተከታተሉ። «አለቀ» የሚለው ቃል ከገባ ወዲህ የተደፋ ሳህን አላየሁም። ወተት በማይመጣበት ቀን እናትየው «ወተት አለቀ፤ ነገ» ትላታለች፤ ልጂቱም ፊቷን አጨማዳ «ነገ» ትላለች። አባትየውም ተሸነፈ። አንድ ማታ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሳለ ልጂቱ መጥታ ጭብጧን ከፈት ዘጋ ብታደርግበት ግራ ገባው፤ የአምስት ዓመት ጎረቤት ልጅ «አባባ፣ ወተት እኮ ነው የምትልዎ» ብሎ ተረጎመለት። በሚቀጥለው እሑድ ሹሩባ ሠሪዋ በር ላይ ተቀምጦ አየሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ በግቢያችን ያለች አራስ ልጇን እኔ ዘንድ ትታ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ሕፃኑ ነቃና ያለቅስ ጀመር፤ አቅፌ አባበልኩት፣ ዞርኩ፣ እሽሩሩ አልኩት፣ እንቢ አለ። ልጂቱ ደጁ ላይ ጠጠር እየደረደረች ትጫወት ነበር። ልቅሶውን አልሰማችም፤ ቀና ስትል ግን የተከፈተውን አፍና የቀላውን ፊት አየች። ጠጠሯን ትታ መጣች፤ ቀሚሴን ጎትታ ዓይኔን ያዘች። በአንድ ጣቷ ሕፃኑን አመለከተችኝ፤ ከዚያም እጇን ወደፊት ዘርግታ ጨበጥ፣ ከፈት፣ ጨበጥ፣ ከፈት አደረገች።

እናቱን ልጠራ ወጣሁ።